ሳንሰባሰብ የሠራነው ሥራ፦ ከወረርሽኙ ጊዜ የተማርነው

ይህን የምጽፈው ትንሽ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ለያዙ ወጣቶች ነው። ችግኝ ለሚያፈሉ፣ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ለሚሠሩ፣ ፕላስቲክ ለሚለቅሙ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ደመወዝ ለሚደክሙ። ኮቪድ ሲመጣ እኛም እንደዚያው ነበርን። ቡድናችን አንድ የጋራ የአትክልት ቦታ ነበረው። ከጎኑ የኮምፖስት ክምርና ትንሽ ችግኝ ማፍያ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለጽዳት እንወጣለን። ሥራው ዛሬም አለ። ግን አንድ ሐሙስ የቀረው ጊዜ ነበር።

ሌላ ወረርሽኝ ባይመጣ እንኳ ጎርፍ አለ፣ ግጭት አለ፣ ሰውን ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያደርግ ነገር አይታጣም። እኛ ወራት የፈጀብንን እናንተ በአንድ ከሰዓት ልትጨርሱት ትችላላችሁ። ስለዚህ የሚረባውን ብቻ ልንገራችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተጣደፈ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ። እኛም ተገናኝተን «እስቲ ሁለት ሳምንት እንየው» ተባባልን። ያኔ ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነበር።

ያቆምነው ግን እኛ ነን። ችግኙና ኮምፖስቱ አላቆሙም። ሁለት ሳምንቱ ሲያልፍ ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመርን። በዚህ መሃል የቧንቧውን ቁልፍ የሚይዘው ልጅ ወላጆቹ ዘንድ ሄዷል፤ ቁልፉም አብሮት ሄዷል። ችግኝ ማፍያው ውስጥ ከነበረው ብዙው ደረቀ። ኮምፖስቱ ደግሞ የሚያገላብጠው አጥቶ፣ ዝናብም ወርዶበት፣ ውስጡ አየር አጣ። ኮምፖስት አየር ካጣ ይገማል። ጎረቤት አማረረ። «በሽታውን የምታመጡብን እናንተ ናችሁ» ያለንም ነበር። ሰው በፈራበት ሰዓት መጥፎ ሽታ ማለት በሽታ ማለት ነው። ብታስረዱትም አይሰማችሁም።

እናንተ ነገሩ ገና ሲጠረጠር አንድ ወረቀት አውጡ። በቀናት ውስጥ የሚሞተውን ለብቻው ጻፉት፦ ችግኝ፣ ለኮምፖስት የምታረቡት ትል፣ ካላችሁም እንስሳ። በሳምንታት ውስጥ የሚበላሸውን ለብቻው፦ ኮምፖስት፣ የደረሰ አትክልት፣ ተሰብስቦ ያልተነሣ ቆሻሻ። ሌላው ይቆያል። ሥልጠናም፣ ፖስተርም፣ ዘመቻም ይቆያል። የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ላለው ነገር ሁሉ በዚያኑ ቀን ባለቤት ይሰጠው። ሁለት ባለቤት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ሊታመም ይችላላ። ቁልፍ ተባዝቶ በሦስት ሰው እጅ ይሁን። የቴሌግራም ግሩፑ አድሚንነትና የኢሜይሉ ይለፍ ቃልም እንደዚያው። ተራ ነገር ይመስላል። እኛን ግን ከቫይረሱ ቀድሞ ያቆመን የአንድ ቧንቧ ቁልፍ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የዙም ዘመን ነው። መቼም አትረሱትም። «ይሰማል? እየተሰማሁ ነው?» የሚለው ብቻ ሩብ ሰዓት ይበላል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ መሰብሰብ ጀመርን። ዕቅድ እናወጣለን፣ ቃለ ጉባኤ እንይዛለን፣ ንዑስ ኮሚቴ እናቋቁማለን። አንድም ችግኝ ግን ውሃ አልጠጣም። ቀስ በቀስ ሰው ቀነሰ። መጀመሪያ ካሜራ ዘጉ፤ ቀጥሎ ድምፅ ዘጉ፤ በኋላ ጭራሽ ቀሩ። ሰነፉ ተባለ። ነገሩ የገባን አንድ በአንድ ስንደውል ነው። አንዷ ቤት ለሁሉም ያለው ስልክ አንድ ነው፤ ታናሽ ወንድሟም የሚማረው በዚያው ነው። ሌላው ዳታ መግዣ የለኝም ማለት አፍሮ ነው። አንዱ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ከስልክ ጋር ማውራት ይጨንቀዋል።

ዙሙን ተውነው። በምትኩ ግሩፑ ላይ በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ ይለጠፋል። ሁሉም በተመቸው ሰዓት በጽሑፍ ወይም በአጭር ቮይስ ይመልሳል። ስልክ የማታገኘው ልጅ ዘንድ የሚደውል ሰው ተመደበ። ቪዲዮ አይላክ፣ ፎቶም አንድ ይበቃል አልን። የቀሩት ልጆች ግማሾቹ ወዲያው ተመለሱ። ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት መግባት የማይችለው ማን እንደሆነ እወቁ። መልሱን ግሩፑ ላይ አትጠብቁ። እዚያ ማንም አይናገርም። ደውሉ።

ይህን ስል የኦንላይን ስብሰባ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ያን ዓመት ሊካሄድ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 26፣ ወደ 2021 ሲገፋ ወጣቶች ኖቬምበር 2020 ላይ የራሳቸውን ምስለ ጉባኤ ኦንላይን አካሂደዋል። «ሞክ ኮፕ» አሉት። ከመቶ በላይ አገሮች ተወካዮች ተሳትፈውበት የጋራ ሰነድ አወጡ። ያ ተሳካ፤ ምክንያቱም የሚፈለገው ውጤት ራሱ ጽሑፍ ነው። የእኛ ውጤት አፈር ነው። አፈር በዙም አይቆፈርም።

አካሄዳችንን የቀየረው ከሩቅ ያየነው ፎቶ ነው። የአየር ንብረት ሰልፈኞቹ፣ «ፍራይደይስ ፎር ፊውቸር» የሚባሉት ወጣቶች፣ ለኤፕሪል 24 ቀን 2020 ዓለም አቀፍ ሰልፍ ጠርተው ነበር። እንቅስቃሴውን የጀመረችው ግሬታ ቱንበርግ ግን ከማርች ጀምራ ጎዳና መውጣቱ ይቅርና ከየቤታችሁ መፈክራችሁን ይዛችሁ ፎቶ ለጥፉ ትል ነበር። በርሊን ያሉት አንድ ነገር ጨመሩበት። ከየአካባቢው በሺዎች የሚቆጠሩ መፈክሮችን አሰባስበው ፓርላማው ፊት ለፊት መሬት ላይ ደረደሯቸው። ሰልፈኛ የለም፤ ጽሑፉ ብቻ ተሰልፏል። ፎቶውን የላከችልን ልጅ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈች። «ሥራውን ለየቤቱ አካፍለው ውጤቱን ብቻ ሰበሰቡ» ይላል።

እኛ ፕሮጀክት ስንለው የኖርነው ነገር ብዙው መሰባሰብ ነበር። መሰባሰቡ ሲከለከል ሥራው የተከለከለ መሰለን። ስለዚህ በየሳምንቱ የምንሠራውን ሁሉ ዘረዘርን። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ጥያቄ አስቀመጥን፦ ይህን ለመሥራት ሁለት ሰው አንድ ቦታ መቆም አለበት? የአብዛኛው መልስ «የለበትም» ሆነ። ለማጠጣት አንድ ሰው ይበቃል። ዘር ለመዝራትም ይበቃል። የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ለመለየት ከቤት መውጣትም አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚፈልገው ጽዳቱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ሰው የሚፈልገው ለፎቶ እንጂ ለሥራው አይመስለኝም። ይህን ስል የሚቆጡኝ ጓደኞች አሉ።

መጀመሪያ ወደየቤቱ የሄደው ችግኙ ነው። ከድርቀት የተረፈውንና አዲስ የዘራነውን በትሪ እያደረግን አከፋፈልን። በር ላይ እናስቀምጥና ደውለን ራቅ ብለን እንቆማለን። ተረካቢው ማስኩን አድርጎ ወጥቶ ይወስዳል። የሦስት ገጽ መመሪያም አዘጋጅተን ነበር። ማንም አላነበበውም።

በዚህኛው ዙር የሞቱት በውሃ ጥም አይደለም። በውሃ ብዛት ነው። ቤት የተዘጋበት ሰው ሥራ ሲያጣ ችግኙን በቀን ሦስቴ ያጠጣዋል። የሚሆነውን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት እንዲህ ነው። ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ ይመስላል። ቀጥሎ ይጠቁርና ክር ያህል ይቀጥናል። በማግሥቱ ችግኙ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ዘንበል ብሎ ይተኛል። አንዱ ከተኛ ጎረቤቶቹም ይከተላሉ። ይህን የሚያመጡት እርጥብ አፈር የሚመቻቸው ሻጋታና ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ናቸው። የተኛው ችግኝ አይነሣም። ማድረግ የሚቻለው ቀድሞ መከላከል ነው።

መመሪያውን ጥለን አንድ ፎቶና ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ቮይስ ላክን። ፎቶው አፈር ውስጥ የገባ ጣት ነው። ቮይሱም «ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ ክተቱ፤ እርጥበት ከነካችሁ አታጠጡ» ይላል። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚሞተው በጣም ቀነሰ። የምታበቅሉበት ዕቃ ሥሩ ይበሳ። ዘር አታጨናንቁ፤ በመሃሉ አየር ይለፍ። ብርሃን በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ዕቃውን በየቀኑ አዙሩት። አለበለዚያ ችግኙ ወደ መስኮቱ ይመዘዝና ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ ራሱን የማይችል ይሆናል። ከቤት ወደ ውጭ ስታወጡትም በአንዴ ፀሐይ ላይ አትጣሉት። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ድረስ መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ቀጥሎ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ እያደረጋችሁ አለማምዱት።

ኮምፖስቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሌሎች ቡድኖችም ብዙ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። እኛ የለመድነው ትልቅ ክምር ነበር። ትልቅ ክምር በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሲሠሩ ይግላል። ወርዱም፣ ርዝመቱም፣ ከፍታውም አንድ አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ሙቀቱን ይይዛል። መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ የአረም ዘርና አብዛኛው የበሽታ ተሕዋስ ይሞታል። እጃችሁን ብትከቱ ታወጡታላችሁ። ደረቁና እርጥቡ ነገር ሲመጣጠን ነው ይህ የሚሆነው። በመጽሐፉ ቋንቋ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይላሉ። በተግባር ሲወርድ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ተረፈ ምርት ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ማለት ነው።

ይህንኑ አሠራር ወደየቤቱ በባልዲ አወረድነው። ባልዲ ግን አይግልም። ትንሽ ስለሆነ ያገኘውን ሙቀት ወዲያው ይለቃል። ነገሩ ይበሰብሳል፣ አፈርም ይሆናል፤ ቀስ ብሎና በቀዝቃዛው ነው። በውስጡ የገባ የአረም ዘር ደግሞ በሕይወት ይወጣል። የመጀመሪያውን የባልዲ ኮምፖስት መደቡ ላይ ስንበትነው አረሙ ከአትክልቱ ቀድሞ በቀለ። ለወራት ስንነቅል ከረምን።

ስለዚህ ሥራ ወደ ቤት ስታወርዱ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ባሕርዩም እንደሚቀየር ልብ በሉ። ባልዲ ውስጥ ዘር የያዘ አረም አይገባም። በሽታ የነካው ተክልም አይገባም። ሥጋ፣ ዘይትና የወተት ተዋጽኦም አይገባም፤ ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል። ባልዲው ጎንና ጎኑ ላይ ይበሳ። እርጥብ በጨመራችሁ ቁጥር ላዩን በደረቅ ቅጠል ወይም በተቀደደ ካርቶን ሸፍኑት። ዝንብ የሚጠፋው በዚህ ነው። እርጥበቱን ለማወቅ ጭብጥ ሙሉ አንሥታችሁ ጨምቁ። ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ። ከተበተነ ውሃ ርጩ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ካለው እርጥቡ ተረፈ ምርት በዝቷል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥሮታል፤ አገላብጡት። በቤቱ የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ባልዲውን እዚያው ያቆይ፤ ማንም ሄዶ አይሰብስብ።

ጽዳቱና ፕላስቲክ ለቀማው ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። መረጃውም በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ማርች 2020 ላይ የወጣ ጥናት በቤተ ሙከራ ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ ካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት ተገኝቷል አለ። ለቀማውን አቆምን። በእጃችን ያለውንም አስረን ለቀናት አቆየነው፣ ከዚያ በበረኪና አጠብነው። በጊዜው በነበረው እውቀት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። እየቆየ ግን ዋናው መተላለፊያ ትንፋሽና አየር እንደሆነ፣ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉ ዝቅተኛ እንደሆነ ታወቀ። እኛ በዚህ ጊዜም ጠርሙስ በበረኪና እያጠብን ነበር። ሕጉን ያወጣ ሰው ነበር፤ የሚያነሣው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የምናወጣው የጥንቃቄ ሕግ ሁሉ ቀን ይጻፍበታል። እስከዚህ ቀን ይሠራል፣ ያን ቀን እንደገና ይታያል። ይህን አሠራር ከወረርሽኝ ውጭም ወድጄዋለሁ። በነገራችን ላይ በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት። ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በር ዘግተው ሲያጸዱ ራሳቸውን የጎዱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ለቀማውን ስንጀምር መንገዱ ላይ የጠበቀን ማስክ ነው። ተጥሎ የሚቀረው ማስክ ጨርቅ ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራል። ቦይ ይዘጋል። ማሰሪያው የወፍና የእንስሳት እግር ላይ ይጠመጠማል። በእጅ አይነሣም፤ በረጅም መቆንጠጫ ነው። ሰው ማስኩን ሳይጥል በፊት ሁለቱን ማሰሪያ እንዲቆርጥ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል በየበሩ ለጠፍን። መስፋት የሚችሉት ልጆች ደግሞ የጨርቅ ማስክ መስፋት ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ጁን 5 ቀን 2020 ባወጣው ምክር የጨርቅ ማስክ ሦስት ድርብ ይሁን ብሎ ነበርና በዚያው ሄድን። በዚያን ሰሞን አንዳንድ መደብሮች የራስን ጽዋና ከረጢት አንቀበልም ማለት ጀምረው ነበር። በዚያው ጁን ከ100 በላይ የጤና ባለሙያዎች ታጥቦ የሚመለስ ዕቃ በተለመደው ንጽህና ከተያዘ አያሰጋም የሚል መግለጫ ላይ ፈረሙ። ለክርክር ጠቀመን። የሳሙናና ውሃ ነገር በቀላሉ ይረሳል።

ከሁሉም የከበደው ግን ከቤተሰብ ጋር የነበረው ንግግር ነው። ከልጆቻችን የአንዱ እናት በር ላይ አቁመው «ልጄ፣ ችግኝ ይተካል፤ አያትህ አትተካም» አሉት። ለዚህ ምን መልስ አለ? እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን። በቤቱ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ሰው ከቤቱ ብቻ ይሠራል። ምክንያት አይጠየቅም፤ ማንም «ፈሪ» አይለውም። ያመመው ሰው ደግሞ ትንሽም ቢሆን ጉሮሮውን ከከረከረው ይቀራል፤ ሁለተኛው ባለቤት ይተካዋል። ይህን ሕግ ስታወጡ የጀግንነት ወሬ ቶሎ ዝጉት። «እኔ ምንም አልሆንም» የሚል ልጅ በየቡድኑ አለ። ጎበዝ ነው፤ ግን የሚያሳምመው ሌላ ሰው ነው።

ያን ዓመት ከመሃላችን ወላጅ ያጣም ነበር። ለሱ ሥራ አልሰጠንም። በተራ ሰው ይደውልለታል፤ ስለ ፕሮጀክት አይወራም። ለቅሶ መድረስ በማይቻልበት ጊዜ ሌላ የምናደርገው አልነበረንም። ሥራ የጠየቀው ራሱ ነው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ቃል የተገባልን ድጋፍ ወደ ጤና ሥራ ዞረ። አልተቀየምንም። ድጋፍ ያላችሁ ግን ሰጪው ሳይደውል በፊት እናንተ ጻፉ። «የዘመቻውን ትተን ይህን እንሠራለን፣ በዚያው ገንዘብ» ብላችሁ የተቀየረውን ዕቅድ በአንድ ገጽ ላኩ። ዝም ብሎ የጠበቀ ቡድን ሥራ እንዳቆመ ይቆጠራል። ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ ዕቃ ጠይቁ። ባዶ ባልዲ፣ ካርቶን፣ አሮጌ ጨርቅ የሌለበት ቤት የለም።

በመሃል «ተፈጥሮ አረፈች» የሚል ወሬ በየስልኩ ይዞር ነበር። ጥቂት ልጆቻችንም ታዲያ እኛ ለምን እንደክማለን አሉ። እውነት ነው፣ በ2020 የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 5 በመቶ ገደማ ወርዷል። በ2021 ግን ወደ ነበረበት ተጠግቷል። ፋብሪካው፣ መኪናው፣ ልማዱ እንዳለ ስለነበር ሰው ከቤቱ ሲወጣ አብሮ ተነሣ። የኛ ባልዲ ያንን አይቀይረውም። ግን ባልዲው ወረርሽኙ ሲያልፍ እንዳይጣል ማድረግ በእጃችን ነበር።

እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ሥራው ወደ ቤት ሲገባ የቤቱ ሰው ሁሉ ገባበት። ታናናሽ እህቶች ችግኝ ይቆጥራሉ። እናቶች ከኛ የተሻለ ዘር መያዝ ያውቃሉ። አንድ አባት የባልዲውን ቀዳዳ ራሳቸው በጋለ ብረት እየበሱ ለጎረቤት ሁሉ አዳርሰዋል። ገደቡ ሲላላ እኛ በደስታ ወደ ጋራው ቦታ ተመለስን። ቅዳሜው ተመለሰ፣ ዘመቻው ተመለሰ፣ ፎቶውም። እነዚያ ሰዎች ግን ቅዳሜ መምጣት አይችሉም። ከልጅ ጋር ናቸው፣ ከሥራ ናቸው፣ ወይ እግራቸውን ያማቸዋል። ቀስ በቀስ ባልዲዎቹ ባዶ መሆን ጀመሩ። የነቃነው አንዲት እናት ደውለው «አሁንማ አልፈለጋችሁንም አይደል?» ሲሉ ነው።

ስለዚህ ወደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ አልተመለስንም። ችግኝ ማፍላቱ በየቤቱ ቀረ። ወደ ጋራው ቦታ የሚመጣው ተለማምዶ የጠነከረው ችግኝ ብቻ ነው። ትልቁ የኮምፖስት ክምርም ተመለሰ፤ ዘር የያዘውን አረም የሚቀበለው እሱ ነው። ባልዲዎቹም እንዳሉ ናቸው። የሳምንቱ ጥያቄ ዛሬም ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን አስቸኳይ ሁኔታ ሜይ 5 ቀን 2023 ማብቃቱን ሲያስታውቅ እኛ የቧንቧ ቁልፉ ስንት ሰው ጋ እንዳለ እየቆጠርን ነበር። ተባዝቶም ሁለቱ ጠፍተዋል።

አሁን ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ከባልዲው ይልቅ ተረፈ ምርቱን በልቶ ኮምፖስት በሚያደርግ ትል ጀምሩ እላለሁ። እኛ ዘግይተን ነው የደረስንበት። ለዚህ የሚሆነው ጥልቅ አፈር ውስጥ የሚኖረው ትል አይደለም። የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ሥር የሚገኘው ቀይ ትል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኢሴኒያ ፌቲዳ ይባላል። ሙቀት አይፈልግም። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ማለትም እናንተ የሚመቻችሁ ክፍል ይመቸዋል። ክዳን ያለው ዕቃ ሥሩንና ጎኑን ብሱ። በተቀደደና በራሰ ካርቶን ሙሉት። አንድ ሁለት ጭብጥ ትል ጨምሩና ለጥቂት ቀናት ተዉት። ከዚያ በትንሽ በትንሹ መግቡት፤ የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ሁለተኛ አትጨምሩ። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ሽንኩርትና ጨው ያለበት ነገር አይስማማውም። ትሎቹ ወደ ክዳኑ ከወጡ ወይ ውሃ በዝቷል ወይ ምግብ በዝቷል። ከተመቻቸው በጥቂት ወራት ይበዛሉ። ያኔ ግማሹን ለጎረቤት አካፍሉ፤ የእናንተ ቢሞትባችሁ የምትመልሱት ከዚያ ነው።